በዳይሬክተሯ ቢሮ የተነጠፈው ሰሌን

መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። እኔ ለመጻፍ የተፈጠርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ አንድ ገጽ ለመሙላት አንድ ቀን ይፈጅብኛል። የተማረ ሰው ቢያነበው ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ ይህን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ግን የቫሲቲን ነገር በሰፈራችን ሁሉም እየቆራረሰ ያወራዋል፤ አንዱ ክፉ ሴት ናት ይላል፣ ሌላው ደግ አደረገች ይላል። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ በቤታችን መካከል ያለው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው። በግድግዳው ያልሰማሁትን ደግሞ ራሷ ነግራኛለች። ስለዚህ ስህተቴን እየዘለላችሁ አንብቡልኝ።

ቫሲቲ ከካዳቩ ደሴት ወደ ዋና ከተማችን ወደ ሱቫ የመጣችው ትምህርት ቤት ተከፍቶ አንድ ሳምንት ሲሆነው ነው። ባሏ ሳኬያሲ ወደብ ላይ የጫኝና አውራጅ ሥራ አግኝቶ ቀድሟት ነበር። እሷ ስድስት ዓመት የሞላትን አንድ ልጇን ከሌራን ይዛ፣ ለሰሌን የሚሆን አንድ ጥቅል ደረቅ ቅጠል ተሸክማ፣ ድስቷን አንጠልጥላ በመርከብ ተከተለችው። ያረፉትም እኛ ሰፈር፣ በሳኬያሲ አክስት በሜሬዋሌሲ ቤት ነው። ሜሬዋሌሲ ሰፊ ሴት ናቸው፤ ወንበር ሲቀመጡበት ይጮኻል፤ ምክርም ሲሰጡ አይሰለቻቸውም። ለሰፈሩ ሁሉ አክስት ናቸው።

በደሴቱ ትምህርት ቤት አንድ ነው። ልጅ ሲደርስ ይላካል፣ አለቀ። ሱቫ ላይ ግን ምረጪ አሏት። አክስት ሜሬዋሌሲ ገና ጓዟ ሳይፈታ ሦስቱን ቆጠሩላት። አንዱ ኮረብታው ላይ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ስለሚያስይዝ እሱን ተይው አሏት። ሁለተኛው ከአውራ ጎዳናው ማዶ ነው፤ ማንንም አይመልስም፤ ስለማይመልስም ልጆቹ በቆርቆሮ እንደታሸገ ዓሣ ተጠቅጥቀዋል። ሦስተኛው ከቤታችን አምስት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው፤ ዳይሬክተሯ ጥብቅ ናቸው፤ የካዳቩ ልጆች አሥራ ሦስቱም እዚያ ይማራሉ።

ቫሲቲ የሰው ምክር አንገቷን ደፍታ የምትሰማ ሴት ናት፤ ግን በዓይኗ ሳታይ ዓሣ እንኳ አትገዛም። በየበሩ የተጻፈውን ማንበብ ስለማትችል የራሷን መንገድ ፈለገች። ከሌራን ይዛ በየትምህርት ቤቱ አጥር ሥር እየተቀመጠች አዳመጠች። ከጎዳናው ማዶ ባለው የሰማችው ጫጫታ ብቻ ነው፤ በመስኮት ብታይ ስድሳ የሚሆኑ ልጆች፣ ግማሾቹ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሽንት ቤቱም ከመንገድ ይሸታል። በቅርቡ ትምህርት ቤት ግን ግቢው ተጠርጓል፣ ትልቅ ዛፍ ጥላውን እስከ ክፍሎቹ ዘርግቷል፣ ልጆቹም ማባዛትን በዜማ ይሉ ነበር። ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ስልሳ ሦስት፣ ስምንት ጊዜ ዘጠኝ ሰባ ሁለት። ከሌራ አጥሩን ጨብጣ፣ ሳይገባት፣ አብራ ማለት ጀመረች።

«እማ፣ የኔ እዚህ ነው አይደል?»

«እዚህ ነው» አለቻት ቫሲቲ። ልቧ እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ቫሲቲ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ ከአክስት ሜሬዋሌሲ ጋር ልጇን ልታስመዘግብ ሄደች። በዳይሬክተሯ ቢሮ ውስጥ ሌሎች ወላጆችም ወረፋ ይዘው መሬት ላይ፣ በትልቅ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ቫሲቲም እግሯን አጥፋ ከጠረጴዛው እግር አጠገብ ያለውን ጥግ ያዘች። ሰሌን የምትሠራ ሴት ሰሌን ላይ ስትቀመጥ እጇ ዝም አይልም፤ ይዳብሳል፣ ይመረምራል። የቫሲቲ ጣት ጥቁሩን ጥለት እየተከተለ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ቆመ። አንዱ ጥቁር ቅጠል አንድ ዘሎ ማለፍ ሲገባው ሁለት ዘሏል። ጥለቱ እዚያ ቦታ ላይ እንደ አንካሳ ሰው ያነክሳል።

ያንን ስህተት ታውቀዋለች። የራሷ እጅ የሠራው ነው።

ቀና ብላ ከጠረጴዛው በስተኋላ የተቀመጠችውን ሴት አየች። ጸጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፣ መነጽር ጨምራለች፤ አገጩ ግን ያው ነው። መምህርት ኡናይሲ ናት።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ ግድ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ቫሲቲ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ በደሴቱ ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ጎበዝ ነበረች ይላሉ፤ እሷ ግን ይህን አትልም፣ «ደህና ነበርኩ» ነው የምትለው። የዚያን ዓመት ከከተማ አዲስ መምህርት መጣች፤ ኡናይሲ። ልታገባ ነበርና፣ በኛ አገር ሙሽራ ያለ ሰሌን ባል ቤት አትገባምና፣ ለዚያ የሚሆን ሰሌን ፈለገች። የቫሲቲ እናት በሙያዋ የታወቀች ነበረች፤ ልጅቷም የእናቷን እጅ ወርሳለች። መምህርቷ ይህን ሰማች። አንድ ቀን ቫሲቲን ከክፍል አስወጣቻትና ከክፍሉ ጀርባ፣ ከመስኮቱ ሥር አስቀመጠቻት፤ ቅጠሉን አቀረበችላት። ለአንድ ሳምንት ነው አለቻት። ሦስት ወር ሆነ። ጓደኞቿ ውስጥ ይማራሉ፤ እሷ ውጭ ሰሌን ትሠራለች። ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አቅንታ የዘጠኝን ማባዣ ለመያዝ ስትታገል ነው ያ ጥቁር ቅጠል ሁለት ዘሎ የሄደው። አይታው ነበር። ፈትቼ ልመልሰው ብላ አሰበች፤ ግን ውስጥ ያሉት ሰባት ጊዜ ዘጠኝ ላይ ደርሰው ነበርና ያ እንዳያመልጣት ተወችው።

ሰሌኑ አለቀ። ፈተና መጣ። ቫሲቲ ወደቀች። የዓመቱ መዝጊያ ቀን መምህርቷ በመንደሩ ሽማግሌዎችና በወላጆች ሁሉ ፊት ቆማ ስም ስትጠራ፣ የቫሲቲ ተራ ሲደርስ ፈገግ ብላ፣ «የዚህች ልጅ አእምሮ እጇ ላይ ነው፤ ለትምህርት አልተፈጠረችም» አለች። ሰው ሳቀ። አባቷ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። በጥር ትምህርት ሲከፈት ልጁን አልላካትም፤ የቆጠረችውም ፊደል በዓመታት ውስጥ ጠፋባት። ያን ሁሉ ጊዜ የት እንደነበረች አባቷ አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችውም፤ ከልጅ አፍና ከመምህር አፍ ማን የማንን ያምናል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ኡናይሲ በዚያ ጠዋት ቫሲቲን ፈጽሞ አላወቀቻትም። «ነይ፣ ቅረቢ እናት» ብላ ወረቀትና እስክርቢቶ ሰጠቻት፤ ሙይው አለቻት። ቫሲቲ ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው። አክስት ሜሬዋሌሲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወረፋ የያዙት ወላጆች ያያሉ። ኡናይሲም ነገሩ ገባትና፣ ለማጽናናት ነበር መሰለኝ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«አይዞሽ፣ አለማንበብ ነውር አይደለም። እጅሽ ሌላ ሙያ ይኖረዋል።»

ቫሲቲ ወረቀቱን እንደነበረ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ የከሌራን እጅ ይዛ ወጣች። አክስት ሜሬዋሌሲ እያለከለኩ ከኋላ ተከተሏት። ምን ሆነሽ ነው፣ ሰው ምን ይላል፣ ቢሉ እርምጃዋን አፈጠነች። ድልድዩን አልፋ፣ አውራ ጎዳናውን ተሻግራ፣ ማንንም በማይመልሰው ትምህርት ቤት ከሌራን አስመዘገበች። እዚያ ወረቀቱን የሞላላት ዘበኛው ነው። ከሌራ «ማባዣ የሚዘፍኑበት ጋ አይደለም እንዴ» ብላ ብታለቅስ አልሰማቻትም።

ሳኬያሲ ማታ ሲመጣ ነገሩን ሁሉ ሰማ፤ ከተጋቡ ጀምሮ ደብቃው ኖራለች። ሰውየው ቀልደኛ ነው፤ ቁም ነገርም ሲያወራ ከቀልድ ጋር እያላቆጠ ነው። የእናንተ ወገን ሰዎች ራስ ከባሕር ድንጋይ ይጠነክራል፣ አላት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ማዕበል መትቶት አልተሸረፈም። ቀጥሎ ግን ሳቁን ተወና፣

«እኔ ዓሣ አጥማጅ ነበርኩ» አለ። «መንጠቆ ላይ የሚሰካው ትል ነው፤ የገዛ ልጅ አይደለም።»

«ልጄን እዚያች ሴት እጅ ላይ አላኖርም» አለችው። «ደግሞ ገና አልጀመርኩም።»

እውነቷን ነው፣ አልጀመረችም ነበር። ቫሲቲ ሰው መካከል ቃል የማይወጣት ሴት ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸልዪ ስትባል እንኳ ላብ ያጠምቃታል። ረቡዕ ረቡዕ የካዳቩ ሴቶች በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰብስበን ሰሌን እንሠራለን። በዚያ ረቡዕ ቫሲቲ ዓይኗን ከቅጠሉ ሳታነሳ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ከመስኮቱ ሥር ጀምራ እስከ ወረቀቱ ድረስ ያለውን ነገረችን። ስትጨርስ አንድም እጅ አይንቀሳቀስም። በመጨረሻ አንዲት ጥርሳቸው የወለቀ አሮጊት፣ «እኔ እኮ የልጅ ልጄን ሳስመዘግብ እዚያ ሰሌን ላይ ተቀምጬ የኛ አገር እጅ ነው ብያለሁ፤ መቀመጫዬ አውቆት ነበር» አሉ። ሳቅን። ሳቃችን ግን ጥሩ ሳቅ አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ እያንዳንዷ የራሷን ማውጣት ጀመረች። አንዷ ባሏ ባሕር በወጣ ቁጥር ዳይሬክተሯ ዓሣ ላኪልኝ ይሏት እንደነበር አወራች፤ የሌላዋን ልጅ «የደሴት ቀርፋፋ» ብለዋታል። በካዳቩ የአንዱ ልጅ ከተነካ የሁሉ ልጅ ተነካ ነው። የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ የኛው ሴት ናትና አንድ ነገር ጨመረችልን፦ ከትምህርት ሚኒስቴር ቆጣሪ የሚመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ረቡዕ ነው፤ ተማሪው ሁለት መቶ ሰባት ነው፤ ከሁለት መቶ ከወረደ አንድ ክፍል ይዘጋል፣ ዳይሬክተሯም ወደ ተራራው፣ ወንዝ ዳር ወዳለ ሦስት ክፍል ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ይዛወራሉ። ይህን ስትናገር ቫሲቲ ቀና አለች። ጥቂት አሰበችና፣ «አሥራ ሦስት» አለች ቀስ ብላ።

ሌላ ነገር አላለችም። ማንንም አልለመነችም። ግን በዚያው ሳምንት አራት ልጆች ከትምህርት ቤቱ ወጡ፤ በሚቀጥለው አምስት፤ ከዚያም የቀሩት አራት። ሁሉም ጎዳናውን ተሻግረው ከከሌራ ጋር ሲሚንቶ ላይ ተቀመጡ። ቫሲቲ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ይዛ ከኡናይሲ ትምህርት ቤት በር ትይዩ፣ መንገድ ዳር ትቀመጥ ነበር። ሰሌን እየሠራች የሚወጡትን ልጆች ትቆጥራለች። ማንበብ ባትችልም መቁጠር ማንም አያስተምራትም። በአንድ ቀን መቶ ዘጠና አራት ቆጥራ ስትመለስ ፊቷ በርቶ አየኋት። ያን ቀን አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እሑድ ደግሞ ከሁላችን በፊት ቤተ ክርስቲያን ገብታ ትንበረከካለች። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለውን ብነግራት፣ «እግዜር ሳሌን ሃያ ሁለት ዓመት ሲሰማው ኖሯል፤ ለምዶታል» አለችኝ።

ኡናይሲ ልጆቹ ለምን እንደሚወጡ መጀመሪያ አልገባትም ነበር። የነገሯት አክስት ሜሬዋሌሲ ናቸው፤ ምክር የሚሰጡት ሰው ሲያጡ ያማቸዋል። የሄዱት ለሰላም ብለው ነው፤ ገበያ ላይ አግኝተዋት፣ ያቺ ወረቀት ጥላ የወጣችው የካዳቩ ልጅ ናት፣ የመስኮቱ ሥር ልጅ ናት፣ አሏት። ኡናይሲ የያዘችው የጎደሬ ዘንቢል ከእጇ ወድቆ ተበተነ ብለው ነገሩን። ይህንንም ቫሲቲ ስትሰማ ደስ አላት።

አርብ ዕለት ግን ከሌራ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እናቷ እንደ ወትሮው ዛሬ ምን ተማርሽ ብላ ጠየቀቻት።

«መጥረግ» አለች ከሌራ።

ቫሲቲ ቀልድ መሰላት። ልጅቷ ግን በኩራት ነበር የምታወራው። ክፍሉ ስለሚጠብ መምህሯ አንድ ሁለት ልጅ ታስወጣለች አለች፤ የኔ እጅ ጎበዝ ነው ብላለች፤ ሌሎቹ ሲያነቡ እኔ ደጁን ጠረግሁ፤ ትናንትም እኔ ነበርኩ፤ ሰኞም እኔ ነኝ።

የቫሲቲ እጅ ቅጠሉ ላይ ቆመ። ሳኬያሲም ቤት ነበር። ዞሮ አያት እንጂ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ስለ መንጠቆም ስለ ትልም አላነሳም። እሷ ኋላ ስትነግረኝ፣ ያ ዝምታው ከስድብ ባሰብኝ አለችኝ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ምግብ አልቀመሰችም። ረቡዕ ቆጣሪው ይመጣል። እስከዚያ ከጸናች የሃያ ሁለት ዓመት ጥማቷን ታረካለች፤ ግን ከሌራ ሰኞም ማክሰኞም ረቡዕም መጥረጊያ ይዛ ከክፍል ውጭ ትቆማለች። ሴቲቱን ልትጥል ስትል ልጇን መስኮት ሥር ያስቀመጠቻት እሷው ራሷ ሆናለች። ይህን አወቀች። ማወቋ ግን ንዴቷን አላበረደውም፤ ጭራሽ አባባሰው።

እሑድ ከጸሎት በኋላ፣ ካሳቫው ገና ከእሳት ሳይወርድ፣ ኡናይሲ ሰፈራችን መጣች። ብቻዋን አልነበረችም። ከፊቷ አንድ ሽማግሌ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሰው፣ ተወቅጦ በውሃ የሚጠጣውን የያንጎና ሥር አንድ እስር ይዘው ይሄዳሉ። ይህን ያየ ሁሉ ከየደጁ ወጣ። በኛ ዘንድ በደለኛ የያንጎና ሥር ይዞ ደጅህ መጥቶ ከተቀመጠ ነገሩ እንዲቀበር ነው። ሥሩን ከነካኸውና እጅህን ካጨበጨብክ ተቀበልክ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያን በደል በአፉ የሚያነሳ ሰው ነውረኛ እሱ ነው። አልቀበልም የሚል ደግሞ የለም፤ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም።

ሽማግሌው በበሩ ጎንበስ ብለው ገብተው መሬት ተቀመጡ፤ ኡናይሲ ከኋላቸው አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ሳኬያሲ የቤቱ ወንድ ነውና ከላይ በኩል ተቀመጠ፤ ቫሲቲ ከታች፣ በሩ አጠገብ። እኛ ደጅ ላይ ነን። ሽማግሌው ሥሩን ወደ ፊት ገፋ አድርገው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከዚህች እህታችን አፍ ስላመለጠች አንዲት ቃል፣ ይህ ቤት ልቡ ስለቆሰለ፣ ይህችን ትንሽ ሥር አቅርበናል፣ ትቀበር ዘንድ እንለምናለን አሉ። አክስት ሜሬዋሌሲ ገና ከአሁኑ እንባቸውን ይጠርጋሉ። የሳኬያሲ እጅ ወደ ሥሩ ተዘረጋ።

«አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ቫሲቲ።

የሳኬያሲ እጅ አየር ላይ ቆመ። ሴት በዚያ ሰዓት አትናገርም።

«ይህ ሥር ስለ ምን እንደመጣ በደንብ ነገሩዎት?»

«ቢሮ ውስጥ ስላመለጠች ቃል» አሉ ሽማግሌው፤ ግራ ገብቷቸዋል።

«ቃል አይደለም። ሦስት ወር ነው። አንድ ሰሌን ነው።» ከዚያ ደጅ ያለነውም እንድንሰማ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች፤ ያን ጊዜ አባቷ ዓይኑን የተከለበትን መሬት ሳይቀር። ሽማግሌው ዞረው ኡናይሲን አዩአት። ኡናይሲ ቀና አላለችም። ቫሲቲ ቀጠለች፦ «በደሉ የተሠራው በአባቴ ቤት ልጅ ላይ ነው። ያን ጊዜ ሳኬያሲን አላውቀውም፤ ይህም ቤት አያውቀኝም። የዚህ ሥር ደጁ እዚህ አይደለም። ደጁ ካዳቩ ነው።»

ይህ እንግዲህ እውነት ነው፤ ማንም ሊከራከራት አልቻለም። ያገባች ሴት የልጅነት ቁስል የአባቷ ወገን ነው። ኡናይሲ የከተማ ልጅ ናትና ሚስት የባል ቤት ናት ብላ አስባ ይሆናል፤ ወይም በመርከብ ከመሄድ አምስት ደቂቃ በእግር መሄድ ቀሏት ይሆናል፤ አላውቅም። ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። እጃቸውን ዘርግተው ሥሩን ወደ ራሳቸው መልሰው ሳቡት። ሲሚንቶው ላይ ሲጎተት የሰማነውን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም።

ያን ጊዜ ኡናይሲ በሽማግሌ አፍ ሳይሆን በራሷ አፍ ተናገረች። «ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር» አለች። «ላገባ ነበር። እናት አልነበረኝም፤ ሰሌን የሚሠራልኝ ዘመድ አልነበረኝም።»

«እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር» አለቻት ቫሲቲ።

ከዚያ ቫሲቲ ድምፅዋን ሳትለውጥ፣ አንቺም ሳትላት፣ እንደ መምህር እያከበረቻት፣ ነገሩን አስቀመጠችላት። ልጄ ነገ ትመጣለች አለች፤ ይህን የማደርገው ለእርስዎ ብዬ አይደለም፣ ከሦስቱ የሚሻለው እሱ ስለሆነ ነው። ስለ አሥራ ሦስቱ ልጆች ግን እኔ አልናገርም፤ አላዛቸውም፣ አልከለክላቸውም። እናቶቻቸው እዚሁ ናቸው፤ በየደጃቸው በእግርዎ ሄደው ይለምኑ። ቆጣሪው እስኪመጣ ሁለት ቀን ተኩል አለዎት።

«ታዲያ አንቺ ይቅር ብለሽኛል?» አለች ኡናይሲ።

«አባቴን ይጠይቁ። መርከቡ ማክሰኞ ማክሰኞ ነው። ረቡዕ እዚህ ይፈለጋሉና የእረፍት ጊዜ ሲመጣ ይሂዱ፤ ሽማግሌ ነው፣ ብዙ አይቆይዎትም።»

ኡናይሲ ተነስታ ወጣች። ከዚያ ያደረገችውን ሁላችንም አይተናል፦ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ በጭቃው ላይ፣ ከመጀመሪያው ቤት ጀምራ ደጅ ለደጅ ለመነች። አንዳንዱ አስገባት። አንዳንዱ በሩ ላይ አቆማት። እኚያ ጥርሳቸው የወለቀ አሮጊት፣ «ዓሣ የለኝም፤ ዛሬ እሑድ ነው» ብለው በሩን ዘጉባት። ቫሲቲ ደጇ ላይ ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ በዓይኗ ተከተለቻት። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ካሳቫውን ግን ከልቧ በላች።

በማግስቱ ሰኞ ጠዋት ቫሲቲ ከሌራን አጠበቻት፣ ጸጉሯን የኮኮናት ዘይት ቀብታ አበጠረችላት፣ ራሷም አዲስ ሽርጥ አገለደመች። ቢሮው ገና ሲከፈት ገባች። እንደ ያን ጊዜው ሁሉ ወላጆች ወረፋ ይዘው ሰሌኑ ላይ ተቀምጠዋል። ኡናይሲ ወረቀቱን ራሷ ሞላች፤ እየጠየቀች ጻፈች፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ሲያልቅ ቫሲቲ ወላጆቹን፣ «እናቶች፣ አባቶች፣ አንድ ጊዜ ላስቸግራችሁ ነው፣ ተነሱልኝ» አለቻቸው። ተነሱ። ጎንበስ ብላ ሰሌኑን ከበሩ በኩል ጠቀለለች፤ እየጠቀለለች መጣች፣ ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ቆመች፤ አንዱ የጠረጴዛ እግር ያ የሚያነክሰው ጥለት ላይ ቆሟል። አልገፋችውም። ጥቅሉን ይዛ ተንበርክካ ጠበቀች። ሰው ሁሉ ያያል። ኡናይሲ ከወንበሯ ተነሳች፤ በሁለት እጇ ጠረጴዛውን ይዛ ከነወረቀቱ ከነመዝገቡ አነሳችላት።

ቫሲቲ ሰሌኑን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወጣች። ወላጆቹ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ተቀመጡ። እሷ ግን ወደ ቤት አልሄደችም። ከሌራን አንደኛ ክፍል አስገብታ፣ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ፣ ዞራ ከክፍሉ ጀርባ ሄደች። ሰሌኑን ከዛፉ ጥላ፣ ከመስኮቱ ሥር አነጠፈችው። እግሯን አጥፋ ተቀመጠችበት፤ ያን ቀን ማንም መጥቶ ልጇን ከክፍል እንዳያስወጣት፣ እስከ ምሳ ደወል ድረስ ከዚያ አልተነሳችም።